በአንድ ወር የተመዘነው ልጅ

እሑድ፣ መጋቢት 14

ዛሬ ከቸርች በኋላ ኤሪን ውድስ ሰፈር፣ ጋሼ ተክሌ ቤት ቤዝመንት ውስጥ የፋንታሲ ቤዝቦል ድራፍታችንን አደረግን። ስምንታችንም ከእውነተኛዎቹ የሊግ ተጫዋቾች በተራ እየመረጥን የየራሳችንን የወረቀት ቡድን ሠራን፤ ነጥባችን እነሱ ሜዳ ላይ በሚሠሩት ይቆጠራል፣ አንዱ የወሰደውን ሌላው አይወስድም። ወሬው ሁሉ ስለዚያ ሃያ ዓመት ስላልሞላው ኳስ መቺ ነበር። ያናድዳል! ልጁ አምና የተጫወተው አንድ ወር ብቻ ነው። ቀጥ ብሎ የመጣለትን ኳስ ይመታል፤ የሚታጠፍ ሲወረውሩለት ግን የሚመታው አየር ነው። ይህን ሳስረዳ ጉሮሮዬ ደረቀ።

«ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ። ሰው በአንድ ወር ይመዘናል?» አልኳቸው።

«ቪዲዮውን አላየህም እንዴ?» አሉኝ እየሳቁ።

ቪዲዮ! የሳተውን ማን ቆርጦ ይለጥፋል? አምና እንዲህ ዓይነት ልጅ ይዤ ከስምንታችን መጨረሻ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?

ሦስተኛው ተራ የጋሼ ነበር፣ አራተኛው የእኔ። ገና በመጀመሪያው ዙር ልጁን ወሰዱት፤ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ንዴቴ እስካሁን አልበረደልኝም።

ለሚስቴ ያልነገርኳት ግን አንድ ነገር አለ። ጋሼ ስሙን ሲጠሩ፣ የእኔ ጣት ስልኬ ላይ እዚያው ስም ላይ ነበር።