ከተመረቁ ስድስት ወር፣ የሥራ ልምድ ሁለት ዓመት

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ፣
ከማይከፈተው የቢሮዎ በር በስተጀርባ ባሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። ምኞቴ ከልብ ነው። አንድ ቀን አሞዎት በራስዎ ሆስፒታል ቢተኙ የሚያስታምሙዎት ራስዎ መርጠው የቀጠሯቸው ሰዎች ናቸውና፣ ከዚያ ቀን ይሰውርዎ ከማለት የበለጠ መልካም ምኞት አላገኘሁም።

እኔ ከሆስፒታሉ ጀርባ ባለው መንገድ ላይ በር፣ መስኮት፣ አልጋና የሬሳ ሣጥን የምሠራ አናጺ ነኝ። ሙያውን ያስተማረኝ የለም፤ ማንበብና መጻፍንም ከተጣሉ ጋዜጦች ላይ ለቃቅሜ ነው የተማርኩት፤ ስለዚህ እዚህ ላይ የአጻጻፍ ጉድለት ቢያገኙ የሚወቀስ መምህር የለም። ከመሥሪያ ቤትዎ ጋር በጉርብትና ብቻ ሳይሆን በደንበኛም እንገናኛለን፤ እርስዎ የሸኟቸውን የምቀበለው እኔ ነኝ። ገበያዬ እንዲደራ ስላደረጉልኝ ማመስገን ሲገባኝ፣ ዛሬ ገበያዬ እንዲቀንስ ልለምንዎት መነሣቴን እንደ ሽማግሌ ሞኝነት ይቁጠሩልኝ።

ጉዳዩ የልጅ ልጄ ጉዳይ ነው። ነርስነት ተምራ፣ የሙያ ፈቃድ ፈተናውን አልፋ፣ ከተመረቀች ስድስት ወር ሆኗታል። ሆስፒታልዎ ያወጣው የቅጥር ማስታወቂያ የፊታችን ዓርብ ይዘጋል። በዚህ ካልገባች ሙያውን ትታ በአክስቷ የመዋቢያ ዕቃ ሱቅ ልትቀጠር ቃል ሰጥታለች፤ አክስቷም የከንፈር ቀለም ለመሸጥ ልምድ አልጠየቀቻትም።

እስከዚያው ድረስ ቤታችን ውስጥ አርፎ የሚቀመጥ ሰው የለም። ልጅቱ እጇን ሥራ ለማስፈታት ፈርታ የሰፈሩን ሰው የደም ግፊት ትለካለች፤ ጎረቤት ሲያልቅባት የኔን ደግማ ትለካለች፤ ሲመሽ የሠራኋቸውን ወንበሮች እግር በፋሻ ትጠቀልላለች። አንድ ደንበኛ መጥቶ ወንበሩ የት ላይ ተሰብሮ እንደሆነ ጠይቆኝ ሳይገዛ ሄዷል። እናቷ ስልክ በጮኸ ቁጥር ከኩሽና ትሮጣለች። እኔም ለመደርደሪያ ያዘጋጀሁትን ጣውላ በሐሳብ ስልገው ስልገው ሳስቶ ዕቃ የማይሸከም ሆኖ ቀርቷል። ቅሬታዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፣ ማስታወቂያዎ። በላዩ ላይ «አዲስ ተመራቂዎች እንዲያመለክቱ ይበረታታሉ» ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ «ቢያንስ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ያለው/ያላት» ይላል። አባቶቻችን እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ሲሉ ሰምቼ ነው ያደግኩት። መሥሪያ ቤትዎ ግን እንቁላሉ መጀመሪያ በእግሩ ሄዶ መጥቶ ማመልከቻ እንዲያስገባ የሚጠይቅ የመጀመሪያው ቤት ነው። እንዴት እንደሆነ ጸሐፊዎን በትሕትና ብጠይቃቸው፣ ማስታወቂያው በሁለት ቦታ ተለጥፏልና በግልጽ ይነበባል አሉኝ። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች የሚባለውን ያን ቀን በዓይኔ አየሁ።

ሁለተኛ፣ ልምድ ስለሚባለው ነገር። የልጅ ልጄ የመጨረሻውን የትምህርት ዓመቷን ያሳለፈችው ሌላ አገር ሄዳ አይደለም፤ በእርስዎው ሆስፒታል፣ በወንዶች የቀዶ ሕክምና ክፍል ነው። መርፌ ወግታለች፣ ቁስል አጥባለች፣ ሽማግሌ ደግፋ መጸዳጃ ቤት አድርሳለች፤ የክፍሉ ኃላፊ ነርስም እያዩ ፈርመውላታል። መደበኛዎቹ ነርሶች ስብሰባ ላይ ናቸው በተባለባቸው ቀናት ክፍሉን ይዘው የሚውሉት ተለማማጆቹ ነበሩ። ይህ ሁሉ እንደ ልምድ እንደማይቆጠር፣ ትምህርት ብቻ እንደሆነ ተነግሮናል። እሺ ብለን ተቀብለናል። ነገር ግን እነዚያ በሽተኞች ታክመን ወጣን ብለው ነው ቤታቸው የሄዱት፤ ትምህርት እንደነበሩ የነገራቸው ሰው የለም፤ ቢነገራቸው መልካም ነው።

ስለ ራሴ ሙያ አንድ ነገር ልጨምር። የሠራሁት የመጀመሪያው በር ጠማማ ነበር። ያዘዘኝ ሰውዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አይቶ ሲስቅ ቆየ፤ ከዚያ ወስዶ የማገዶ ቤቱ ላይ ሰቀለውና ሁለተኛ በር አዘዘኝ። የሰው ገላ የማገዶ ቤት በር አለመሆኑን አውቃለሁ፤ ለዚያ ነው ልጅቱ አራት ዓመት የተማረችው። የመጀመሪያውን በር የሚያዝ ሰው ከጠፋ ግን፣ ክቡርነትዎ፣ የዛሬ ሃያ ዓመት ሁላችንም በር በሌለው ቤት ውስጥ ነን።

ሦስተኛ፣ በዋናው በር ላይ ያሉት ዘበኛ። ለእሳቸው ያለኝ ምስጋና ግን ያለ ምፀት ነው። የልጅ ልጄን ፊት ከመልመዳቸው የተነሣ ገና ከሩቅ «እህቴ፣ ዛሬም ልምድ ነው የሚሉት፤ ፀሐይ ላይ አትቁሚ» ይሏታል። ከሆስፒታሉ ሠራተኞች ሁሉ ለጤናዋ ያሰቡላት እሳቸው ብቻ ናቸው።

አራተኛውና እንቅልፍ የነሣኝ ነገር ይህ ነው። ከዋናው በር ፊት ለፊት የፎቶ ኮፒ ቤቶች ተደርድረዋል። የትምህርት ማስረጃዋን ላስባዛ ከልጅቱ ጋር ወደ አንደኛው ገባሁ። ባለቤቱ ማስረጃውን አገላብጦ አየና፣ የትኛው የሥራ መደብ እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቀኝ፣ «አባት፣ ስንት ዓመት ላድርግልዎት?» አለኝ። የምኑን ዓመት እንደሆነ ስጠይቀው ወደ ልጅቱ እየጠቆመ «የልምዷን ነዋ። ሁለት ይበቃታል፤ ለሽምግልናዎ ስል ሦስት አደርገዋለሁ» አለ። ልጅቱ የተመረቀችው ዘንድሮ መሆኑ እዚያው ማስረጃዋ ላይ ተጽፏል ብዬ ስነግረው፣ ሰውዬው በአላዋቂነቴ አዝኖ «አባቴ፣ እዚያ ማዶ የሚቆጠረው ማኅተም ነው እንጂ ዓመት አይደለም» አለኝ።

ወረቀቱን ከእጁ ነጥቄ ወጣሁ። ልጅቱም ተከተለችኝ። ከእሷ ጋር በአንድ ቀን፣ በአንድ አዳራሽ፣ አንድ ዓይነት ጥቁር ካባ ለብሰው የተመረቁ ሁለት ጓደኞቿ ከዚያው ሱቅ የሁለት ሁለት ዓመት ልምድ ይዘው ወጥተው፣ ዛሬ በሆስፒታልዎ ነጭ ጋዋን ለብሰው ይሠራሉ። ቢሮዎ የምርቃታቸውን ወረቀትና የልምዳቸውን ወረቀት በአንድ ፋይል ውስጥ ጎን ለጎን አስሮ አስቀምጧል። በስድስት ወር ውስጥ ሁለት ዓመት የኖሩ ሰዎችን ሲያገኝ አንድም ሰው ከወንበሩ አልተነሣም። ልጆቹን አልወቅሳቸውም። ምናልባት ጎበዞች ናቸው፤ እርስዎ ግን ይህን የሚያውቁበት መንገድ የለዎትም።

ቤት ስንደርስ ልጅቱ ዓርብ ሳይደርስ ብቻዬን ሄጄ አሠራዋለሁ አለች። በዚህ ቤት ውስጥ አይሆንም አልኳት። ያን ጊዜ እናቷ ባለችበት ቀና ብላ አየችኝና «አባባ፣ ሐቀኛው እርስዎ፣ ቤት የምውለው እኔ» አለችኝ። ክቡርነትዎ፣ ቃሌን ግን አላነሣሁም። የአንድ ሽማግሌ ግትርነትና የአንዲት ልጅ እንጀራ እንዲህ ፊት ለፊት እንዲቆሙ ያደረገው በማስታወቂያዎ ላይ ያለች አንዲት መስመር ናት፤ በአንዲት መስመር ይህን ያህል መሥራት መቻልዎን ሳላደንቅ አላልፍም።

ስለዚህ እለምናለሁ። ያቺን መስመር ለአዲስ ተመራቂዎች ይሰርዙላቸው፤ ወይም በራስዎ ሆስፒታል በራስዎ ሠራተኛ ፊርማ የተረጋገጠውን የልምምድ ዓመት ይቁጠሩላቸው። ሁለቱም ከከበደዎት፣ የፎቶ ኮፒ ቤቱን አድራሻ ከማስታወቂያው ግርጌ ያትሙልን፤ ወላጅ በፀሐይ አይንከራተት፤ ዘበኛውም እረፍት ያግኙ።

ይህን ደብዳቤ ከማስታወቂያዎ ጎን እንደምለጥፈው ስገልጽ፣ ሰሌዳው ላይ ቦታ ስለተዉልኝ አመሰግናለሁ። የደብዳቤዬን መርዘም ይታገሡኝ፤ ጊዜ እንዳለዎት ያወቅኩት ማመልከቻዎቹን ለማንበብ እንዳልተጠቀሙበት ካየሁ በኋላ ነው።

ጤናዎን አብዝቶ የሚመኝልዎ፣ ለመሥሪያ ቤትዎ ቅርብ፣ ከበርዎ ግን ሩቅ የሆነው ታዛዥ ጎረቤትዎ፣
አናጺው

ማስታወሻ፦ ይህን ከመለጠፌ በፊት ለልጅ ልጄ አነበብኩላት። ቆማ ሰማችኝና ስሟን እንዳልጽፍ ብቻ ለመነችኝ፤ አልጻፍኩም። ዛሬ ጠዋት ማመልከቻዋን አስገብታ ተመልሳለች፤ ምን ብላ እንደሞላችው ልጠይቃት አልደፈርኩም፤ ራሷ ናት ጫማዋን እያወለቀች የነገረችኝ። ስሟ ባለመጻፉ ለመቅጠርም ሆነ ለመቅጣት ፈልገው ቢያጧት አይጨነቁ። ከተከመሩት ማመልከቻዎች መካከል የሥራ ልምድ በሚለው ቦታ ላይ «የለኝም» ተብሎ የተጻፈበት አንድ ብቻ ነው፤ እሱ የእሷ ነው።