ወንዝ ስላመጣው፣ ጽሕፈት ቤቱም ስለቆለፈበት የባለቤቴ ጠመንጃ

ሴፕቴምበር 24 ቀን 2014 እ.ኤ.አ.

ለላይኛው ኖክታ ወረዳ የፍለጋና የንብረት ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አላስካ

አመልካች፦ ወይዘሮ ቨርነታ ኒኮላይ፣ የታላዳ መንደር ነዋሪ

ጉዳዩ፦ የተቋረጠው ፍለጋ እንዲቀጥልና ጠመንጃው እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

በዚህ ጉዳይ ከጽሕፈት ቤትዎ ደጅ ስመላለስ ሰንብቻለሁ። በቃል ያስረዳኋቸው ሁሉ በትሕትና ሰምተው በትሕትና ስላሰናበቱኝ፣ አሁን በጽሑፍ አመለክታለሁ።

1. ባለቤቴ ዊልፍሬድ ኒኮላይ በወሩ መጀመሪያ ለክረምት የሚሆነንን ሥጋ ሊያድን በጀልባው ወንዙን ሽቅብ ወጣ። ከትልቁ የአደን ጠመንጃ ሌላ ትንሿን ተገጣጣሚ ጠመንጃ ይዟል። አፈሙዟም፣ ካዝናዋም፣ ቀሪው አካሏም ተፈታትተው ባዶ በሆነው የፕላስቲክ ሰደፏ ውስጥ ይገባሉ። ክዳኗ ሲዘጋ ከክንድ አትበልጥም፤ ውሃ ላይ ብትወድቅ አትሰምጥም። ጥንቸል ትጥላለች፤ የተሠራችው ግን ጀልባው ለተገለበጠበት ሰው ነው። እኔ "ይቺን መጫወቻ ምን ልታደርጋት ነው?" እያልኩ ስስቅበት ኖሬአለሁ። እሱም "አንቺ ሳቂ፤ የተገለበጥኩ ቀን ከኔ ቀድማ ቤት ትገባለች" ይለኝ ነበር።

2. እንዳለውም ቀድማ መጣች። ጀልባው ወንዙ ከሚጠብበት ከላይኛው ገደል በላይ ተገልብጦ ለፍለጋ በወጣ አውሮፕላን ታየ። ከዚያ በኋላ ጠመንጃዋ እንደተዘጋች ወንዙን ወርዳ በጎረቤታችን በኤድና የዓሣ መረብ ተያዘች። እኔ ዓሣ ማድረቂያው ሰፈር ስለነበርኩ አልደረስኩም። የጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኛ አቶ ግራንት ግን ደርሰው ተረከቡ። በማግስቱ "ጠመንጃው ከእጁ ከወጣ ሰውየው ሰምጧል" ተብሎ ፍለጋው ቆመ።

3. ክቡር ሆይ፣ አንጀቴን የሚያሳርረኝ ይህ ነው። ኤድና ከመረቡ ስታወጣት በሰደፉ አንገት ላይ የአኻያ ልጥ ታስሮ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ተቋጥሮ፣ ነጩ የውስጥ ጎኑ ወደ ውጭ ዞሮ። በእኛ መንደር ወንዙን መውረድ ያቃተው ሰው በሚንሳፈፍ ነገር ላይ ልጥ አስሮ ይለቃል። ነጩ ወደ ውጭ ከሆነ "አለሁ፣ ኑልኝ" ማለት ነው። ይህን ታላዳ ውስጥ የማያውቅ ሕፃን የለም። አቶ ግራንት ግን በሰንጢ ቆርጠው ወንዝ ውስጥ ወረወሩት። ኤድና "ኧረ ጌታዬ፣ እሱን አይጣሉት! መልእክት ነው!" ብላ ጮኻለች። "እናቴ፣ ቆሻሻ ነው፤ ዕቃውን ንጹሕ አድርጌ ነው የምረከበው" አሏት። በሪፖርታቸውም "የወንዝ ጉድፍ ተጣብቆበት የነበረ" ብለው ጽፈዋል። ጉድፍ ራሱን ሁለት ጊዜ ሲቋጥር እኔ በዕድሜዬ አላየሁም።

4. ሰደፉ እዚያው ጽሕፈት ቤት እኔ ባለሁበት ተከፍቷል። የጠመንጃዋ አካላት ሁሉ በየቦታቸው ነበሩ። ዊልፍሬድ በሰም ነክሮ እዚያ የሚያኖረው ክብሪትና የዓሣ ማጥመጃ ገመዱ ግን የሉም። ጠባቡን ክዳን ከፍቶ ክብሪት የሚመርጥ፣ መልሶም አጥብቆ የሚዘጋ ወንዝ ካለ ይንገሩኝ።

5. አቶ ግራንት "ወይዘሮ ቨርነታ፣ ጫካ ውስጥ የቀረ ሰው ጠመንጃውን አውጥቶ ለወንዝ ይሰጣል?" ሲሉ ጠይቀውኛል። ጥያቄው ደግ ነው፤ እኔንም አንድ ሌሊት አላስተኛኝም። መልሱ ካዝናው ውስጥ ነበር፦ ባዶ ነው። ጥይቶቹ ከጀልባው ጋር ሄደዋል። ጥይት የሌላት ጠመንጃ ለዊልፍሬድ የምትንሳፈፍ ዕቃ ናት። ግንድ ላይ ልጥ ቢያስር ግንዱን ማን ያየዋል? ጠመንጃ ግን ሲንሳፈፍ አይቶ የሚያልፍ ሰው በዚህ ወንዝ ላይ አልተፈጠረም። ስለዚህ ማንም ሳያነሣው የማይተወውን ነገር ላከልን።

6. እኛ እጃችንን አጣጥፈን አልተቀመጥንም። ወንድሙ ክሌመንት በጀልባ ሞክሮ፣ ገደሉ ሥር ውሃው ስለጎደለ የሞተሩ ተሽከርካሪ መቅዘፊያ ድንጋይ ላይ ተሰብሮ ተመልሷል። ከዚያ በላይ የሚያልፈው የእናንተ ታቹ ዝርግ የሆነው ጀልባ ወይም ሄሊኮፕተር ብቻ ነው። የወንዙ ዳር ጠዋት ጠዋት በረዶ መያዝ ጀምሯል። ባለቤቴ ክብሪት አለው፤ ክብሪት ግን ያልቃል። ፈርቻለሁ፤ ይህንንም ለመጻፍ አላፍርም።

7. ክሌመንት አሁን በእግሩ ሊወጣ ቆርጧል። በጀርባ ቦርሳ የምትገባ ጠመንጃ ትንሿ ብቻ ስለሆነች፣ ጥይት ጨምሮ ይዟት እንዲሄድ እንድትሰጠኝ ጠየቅሁ። ዊልፍሬድም ሲያያት መልእክቱ እንደደረሰን ያውቃል ብዬ ነው። የንብረት ክፍሉ "ባለንብረቱ በአካል ቀርቦ ካልፈረመ አንሰጥም" አለኝ። "ሞቷል ያላችሁት እናንተ አይደላችሁም እንዴ?" ብላቸው "እሱ የፍለጋ ክፍሉ ነው" አሉኝ። ሁለቱ ክፍሎች በአንድ ኮሪደር ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ባለቤቴ በግራው በር ሞቷል፤ በቀኙ በር እንዲፈርም ይጠበቃል።

ስለሆነም ክቡርነትዎ ሁለቱን በሮች አስከፍተው ሁለቱም አንድ ቃል እንዲናገሩ እንዲያዙልኝ በአክብሮት እለምናለሁ። ሞቷል ካላችሁ ሚስቱ ነኝና ጠመንጃዋን ለእኔ ስጡኝ፤ ክሌመንት ነገ ጠዋት ይነሣል። በሕይወት አለ ካላችሁ ደግሞ የመረከቢያውን ወረቀት በዝርጉ ጀልባ ጭናችሁ ከገደሉ በላይ ውጡና አስፈርሙት።

እስክሪብቶ ይዛችሁ ሂዱ፤ እሱ ጋ የለም።

ከተረፈኝ ትዕግሥትና ከሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
ቨርነታ ኒኮላይ
የዊልፍሬድ ኒኮላይ ባለቤት