ትከሻ ያጣው ሪሚክስ

ታኅሣሥ 6 ቀን 2001፣ ሰኞ

ጠዋት ማመልከቻ ስተይብ አረፈድኩ። ሁለት የመሬት ክርክር፣ አንድ የዝውውር ጥያቄ። ፕሪንተሩ እንደ ልማዱ ወረቀት ጎረሰ። ጋሽ ቅጣው፣ የጽሕፈት ቤቱ ባለቤት፣ "ቀስ ብለሽ አስተፊው" አሉኝ። ጥርስ ያወጣ ሕፃን ይመስል...

ከግድግዳው ወዲያ የነስረዲን ጌም ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ ያችው የመኪና ውድድር ጌም፣ ያችው ሙዚቃ። ማመልከቻ ስጽፍ ጣቴ በሷ ምት ነው የሚሮጠው። የስንቱ ገበሬ የድንበር ክርክር በመኪና ውድድር ምት ተጽፎ ፍርድ ቤት ገባ? ዳኞቹ ቢያውቁ...

ዛሬ ግን ተበቀልኳት። ሪሚክሷን፣ የጌሟን ዜማ በኛ መሣሪያ ያቀነባበርኩባትን፣ ጨረስኩ! የምሳ ሰዓቴን ሁሉ በልታለች። የአክስቴ ልጅ ከመቀሌ በሲዲ ባመጣልኝ የሙዚቃ ፕሮግራም፣ በጋሽ ቅጣው ኮምፒዩተር። (እሳቸው ኤክሴል የምማር ይመስላቸዋል።) ከበሮ አለ፣ ማሲንቆ አለ፣ ዋሽንት አለ፣ ጥሩምባ አለ፣ እልልታም አለ። ምን ያልገባ አለ? ሰቆጣ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ተሠርቶ አያውቅም። ሌላ አገርም የተሠራ አይመስለኝም።

ታኅሣሥ 7፣ ማክሰኞ

ለነስረዲን አሰማሁት። ማዳመጫውን እኔው ጆሮው ላይ አደረግሁለት። ዐይኑ ከቴሌቪዥኑ፣ ጣቱ ከጆይስቲኩ አልተነሳም።

"እንዴት ነው?"

"አሪፍ ነው።"

"ምኑ?"

"ሁሉ ነገሩ።"

መኪናው ገደል ገባ። በኔ አሳበበ።

ይሁን። አሪፍ ነው ብሏል። ተመዝግቧል።

ታኅሣሥ 9፣ ሐሙስ

ጋሽ ቅጣው ሳላስበው ሰሙት። ስፒከሩን መዝጋት ረስቼ። ከጓሮ እየሮጡ መጡ። "ኮምፒዩተሩን ምን ነካው? ቫይረስ ነው?"

የሳቸው አስተያየት አይቆጠርም። ለሳቸው ሙዚቃ ማለት የዜና መግቢያ ነው።

ማታ ለእማየ አሰማኋት። እስኪያልቅ አንገቷን ስትነቀንቅ ቆየችና "ጎበዝ የኔ ልጅ። በይ ራት ብይ" አለች። መነቅነቋ በምቱ ነበር ወይስ እንቅልፍ ነው? አልጠየቅሁም። አንዳንድ ነገር ባይጠየቅ ይሻላል።

ታኅሣሥ 15፣ ረቡዕ

ምሥራች! አዲሱ የወጣት ማዕከል ጥር ውስጥ ይመረቃል። የዝግጅቱ ኃላፊ ደጅይጥኑ ፕሮግራሙን ሊያስተይብ መጥቶ ነበር።

"ሙዚቃ ትሠሪያለሽ አሉ?"

"አዎ።"

"ሴት ነሽ አይደል?"

"እስከ ዛሬ ጠዋት ነበርኩ።"

አልሳቀም። "በጣም ጥሩ! የሴቶች ተሳትፎ የሚለው ባዶ ሆኖብኝ ነበር። እዚያ ላይ ስምሽን አስገቢ።" የራሴን ስም ራሴ አስገባሁ።

"ላሰማህ?"

"ምን አስፈለገ? እተማመንብሻለሁ።"

ሥራዬን ሳይሰማ ያመነብኝ ሰው! እንዲህ ያለ እምነት ቤተ ክርስቲያንም አይገኝ።

ታኅሣሥ 24፣ ዓርብ

ምንዋጋው መጣ። የሰቆጣ ሠርግ ሁሉ የሱ ነው። ኪቦርዱን በጋቢ ጠቅልሎ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ይዞራል። ሰማዩ ቢደምንም ባይደምንም ጥቁር መነጽር። ካርድ ሊያሳትም ነው የመጣው፦ "ምንዋጋው፣ የኪቦርድ ንጉሥ።" ማን ቀባው? የሚያውቀው ዘፈን አንድ ነው፤ የሙሽራዋን ስም ብቻ ይቀይርለታል።

ሪሚክሱን ለቀቅሁበት። ይስማና ዘውዱን ያውርድ ብዬ።

መነጽሩን አወለቀ። ዐይኑን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ትንንሽ። እስከ መጨረሻው ሰማና "ድገሚው" አለ። በሆዴ... አለቀለት! ደገምኩለት።

"ጥሩ ነው አልልሽም" አለ።

ስፒከሩን ዘጋሁ።

"ትከሻው የት ይግባ?"

"የምን ትከሻ?"

"የሰው ትከሻ ነዋ። ከበሮ የሰማ ሰው ትከሻው መግቢያ ይፈልጋል። ያንቺ አራት አራት ነው የሚመታው፣ እንደ ጌሙ። የኛ ትከሻ ስድስት ስድስት የሚመታውን ነው የሚያውቀው። ማሲንቆ ስለ ደረብሽበት የኛ አይሆንም። እሱም ቢሆን ማሲንቆ አይደለም፣ ትንኝ ነው።"

ትንኝ!

"ደግሞ እንግዳ መጣ ብለሽ የቤትሽን ዕቃ ሁሉ ደጅ ታወጫለሽ? ጥሩምባውን ሳልጨርስ እልልታው ይገፋኛል። አንዱን አስቀምጪና ሌላውን አምጪ።" ለመሄድ ተነስቶ ደግሞ ቆመ። "መሐል ላይ ግን ከበሮው ዝም ብሎ ዋሽንቷ ብቻዋን የምትቀርባት ቦታ አለች። እዚያ ላይ ደህና ነገር ሰማሁ። ለምን ጥለሽው ሮጥሽ?"

"ካርድህ ሰኞ ይደርሳል" አልኩት።

የተናገርኩት እሱን ብቻ ነው። ያልተናገርኩትን ወረቀቱ አይችለውም።

ታኅሣሥ 25፣ ቅዳሜ

ቀንቶብኝ ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ታኅሣሥ 30፣ ሐሙስ

ደጋግሜ ሰማሁት። ትንኝ አይመስልም።

...ትንሽ ይመስላል።

ጥር 17፣ እሑድ

ምረቃው ትናንት ነበር። መጻፍ አልፈልግም። እጽፋለሁ።

አንድም ነገር ሳልነካበት ነው ይዤው የሄድኩት። ለትንኝ ተሸንፌ ልነካካው? አዳራሹ ጢም ብሏል። ከፃግብጂ፣ ከጽጽቃ፣ ከአበርገሌ ወጣቶች ተጠርተዋል። የክብር እንግዶች ፊት ለፊት፣ የታሸገ ውኃ ጠረጴዛቸው ላይ። ተለቀቀ። ከበሮው ሲገባ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ። ልቤ ሞቀ። ወዲያው ጭብጨባውና ከበሮው ተለያዩ። ሰዉ እንደገና ሞከረ፣ እንደገና ተለያዩ። የአበርገሌው ጎረምሳ ለእስክስታ ዘሎ ወጥቶ ነበር። ትከሻውን ሰቀለና... ቆመ። ሳያወርደው። ወዴት ያውርደው? መንገድ እንደ ጠፋበት ሰው ዐይኑ ግራ ቀኝ ይላል። ኋላ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ትከሻው የወረደው ከተቀመጠ በኋላ ነው።

ከዚያ የነስረዲን ደንበኞች ሙዚቃዋን አወቋት። ከኋላ ወንበር አንዱ "ቩምምም!" አለ። ሌላው ፍሬን ያዘ። ሌላው ጥሩምባ ነፋ። አዳራሹ መኪና ሞላ። የክብር እንግዶቹ ውኃው ትን እስኪላቸው ሳቁ።

ደጅይጥኑ ማይኩን አነሳ። "ለእህታችን ለሰርካለም ሞቅ ያለ ጭብጨባ! ሴት ሆና እንዲህ መሞከሯ..." አጨበጨቡ። ጭብጨባው ከሳቁ ባሰብኝ። የሳቁት እንኳ ሰምተው ነው።

ምንዋጋው ተራውን ሲጠብቅ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። አልሳቀም። ቢስቅ ምን ነበረበት? በሰላም እጠላው ነበር።

ስንመለስ እማየ ልታጽናናኝ ብላ፣ "ድምፁ ግን ከፍ ያለ ነበር" አለችኝ።

ጥር 20፣ ረቡዕ

ነስረዲን ብቅ አለ። "አሪፍ ነበር እኮ፣ ሰዎቹ ስላልገባቸው ነው።"

"ነስሩ፣ እውነቱን ንገረኝ። ያኔ ሳሰማህ ሰምተኸው ነበር?"

መሬት መሬት አየ። "...አልሰማሁትም። የመጨረሻው ዙር ላይ ነበርኩ።"

"ኋላስ?"

"ኋላ ብሰማውስ? ጥሩ አይደለም ብልሽ ታለቅሻለሽ ብዬ።"

እኔ? አለቅሳለሁ? ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እሱ ግን ያንን በምን አወቀ?

ሳስበው... ሁሉም የተናገሩት ስለ እኔ ነው። ጎበዝ። ሴት። ራት ብይ። ስለ ሙዚቃው የተናገረ አንድ ሰው ነው። (ሁለት። ጋሽ ቅጣው ቫይረስ ያሉት ሙዚቃውን ነው።) ከሰቆጣ ሰው ሁሉ መርጦ እግዜር ባለመነጽሩ ላይ ይጣለኝ?

ጥር 24፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ምንዋጋው ቤት ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ አይደለም። ምን አጠፋሁ? በሩ ላይ እንደቆምኩ "እሺ፣ የት ይግባ?" አልኩት።

"ማን?"

"ትከሻው።"

አስገባኝ። መጀመሪያ ስለ ራሱ አወራ። ኮረም ላይ አንድ ሠርግ መብራት ጠፍቶ ያለ ኪቦርድ በአፉ እንዴት እንዳስጨፈረ። ሙሽራው ሳይቀር አልቅሷል አለ። አሳዝኖት ይሆናል። ጨዋ ሆኜ ሰማሁት። ትምህርት ዋጋ አለው።

በመጨረሻ "ኮምፒዩተሩን እርሺው፣ አጨብጭቢ" አለኝ። አጨበጨብኩ። "ይሄ ጌሙ ነው። ጎረቤትሽ ሲዳር እንዴት ነው የምታጨበጭቢው?" እጄ ከኔ በፊት አስታወሰ። "በቃ እሱን አትልቀቂ። አሁን ዜማዋን በላዩ አንጎራጉሪ።"

መጀመሪያ ተጋጩብኝ። እጄ ወዲህ፣ አፌ ወዲያ። ደጋገምን። አንድ ቦታ ላይ ዜማዋ ሳብ አለች፣ ትንፋሽ አገኘች... ከመኪናዋ ወርዳ በእግሯ ዳገት መውጣት ጀመረች።

"አየሽ?" አለ።

ሰው "አየሽ" ሲለኝ አልወድም። ግን አየሁ።

የካቲት 3፣ ማክሰኞ

ትንኙን ገደልኩት። እልልታውን አወጣሁ። ጥሩምባውን ሳጠፋ ቀብር የቆምኩ ያህል ከፋኝ። ከበሮውን እንደ አዲስ መታሁት። ዋሽንቷ ብቻዋን የምትቀርባትን ቦታ አስፋሁላት። ለምን ጥያት እንደሮጥኩ አሁን ይገባኛል። ብቻዋን ስትሆን እኔ ነኝ የምሰማው። ከጥሩምባው ኋላ መደበቅ ይቀላል።

ጋሽ ቅጣው በኋላዬ ሲያልፉ ቆም አሉ።

"ኤክሴል ነው?"

"አዎ ጋሼ።"

"የዛሬው ደህና ኤክሴል ነው" ብለው ሄዱ።

የካቲት 5፣ ሐሙስ

አዲሱን ለምንዋጋው አሰማሁት። ራሱን ነቀነቀ። በምቱ ነው፤ እንቅልፍ አልነበረም፣ አይቻለሁ።

"መግቢያውን ቁረጪው። በጌሙ ምት ምን ያዞርሻል? በቀጥታ ወደ ስድስቱ ግቢ።"

"አልቆርጥም።"

"ለምን?"

"መጀመሪያ መኪናዋን መስማት አለባቸው። ካልሰሟት ከምን እንደወረደች በምን ያውቃሉ?"

መነጽሩን አወለቀ፣ አደረገ። "ተሳስተሻል።"

"ልሳሳት።"

"እሺ። እሑድ የጎረቤትሽ የባንቺ ሠርግ ላይ እለቅልሻለሁ። ሰው ቢቀመጥ በኔ እንዳታሳብቢ።"

ሳንጣላ ተለያየን። እምቢ ተባብሎ አለመጣላት እንዲህ ቀላል ነው እንዴ?

የካቲት 9፣ ሰኞ

ትናንት ባንቺ ተዳረች። የታች ቤት ጎረቤታችን ናት። ዳሱ ግጥም ብሎ ነበር፤ ጾም ሊገባ ነው፣ ሁሉም ይቸኩላል።

ምንዋጋው ማይኩን ይዞ፣ "አሁን ደግሞ ያቀነባበርነው አዲስ ሥራ!" አለ። ያቀነባበርነው? እነማን? ጠጋ ብዬ እግሩን ረገጥኩት። "ሰርካለም ያቀነባበረችው!" ብሎ አረመ። ትንሽ ቆይቶ "በእኔ ምክር" ጨመረበት። ንጉሥ አይደል...

መግቢያው ሲሰማ የጌም ቤት ልጆች ነቁ። "ቩምምም!" ደገሙት። ሦስተኛውን ሊሉ ሲሉ ስድስቱ ገባ፣ "ቩም" አፋቸው ላይ ቀረ። ከመሐላቸው አንዱ ትከሻው ሄደ። ከዚያ ሚዜዎቹ። ነስረዲን ሳይቀር፣ በሕይወቱ እስክስታ የማያውቅ ሰው፣ አንድ ትከሻ አንቀሳቀሰ። አንዱ ትከሻ ብቻ ነው የሠራለት። ሁሉም ተነሳ ብዬ አልዋሽም። የሙሽራው አጎቶች ሥጋቸው ላይ ነበሩ።

ሲያልቅ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ከምራታቸው ጋር በኽምጥኛ ተነጋገሩና ወደኔ ዞሩ። ከፃግብጂ ለሠርጉ የመጡ ናቸው።

"ይህን ያወጣሽው አንቺ ነሽ አሉኝ?"

"አዎ እማማ።"

"ሲጥም አለቀ። ደግ አልሠራሽም።"

በርጩማዬን ስቤ ፊታቸው ተቀመጥኩ። "የቱ ጋ ነው ያለቀብዎ?"

አሰቡ። እጄን ያዙና ጉልበታቸው ላይ መታ፣ መታ አደረጉት። ዋሽንቷን በአፋቸው አመጧት፣ ሳይሳሳቱ ማለት ይቻላል። ድንገት እጄን ያዝ አደረጉ።

"ኸዚህ ጋ። ትከሻየ ገና መንቃቱ ነበር።"

ዛሬ ምሳ አልበላሁም። እዚያች ቦታ ላይ ነኝ፣ እያስረዘምኳት።