ዓይኖቹን የሠራችው እሷ ናት

ውድ ድንቢጥ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ፤ ከመናደዴ በቀር። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው «ንገረኝና በስልክ ልጻፍልህ» ብሎኝ እንቢ አልኩት። በቤቴ ጉዳይ እሱ ምን ቤት ነው? ፊደሌ ቢንጋደድም ታግሰሽ አንብቢው።

ስለ እኔ የሠራሽውን ፊልም አየሁት። የከነከነኝን ሳልነግርሽ ብሞት ይቆጨኛል።

ሥራችን እንዴት እንደነበር አንቺ አይጠፋሽም። አባትሽ፣ ወንድሜ፣ ሲሞትብሽ ከነቦርሳሽ መጥተሽ ያደግሽው እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ ከሸራ ጥቅልሉ አጠገብ ነው። ሰው የሞተበት ሁሉ ጉርድ ፎቶ ይዞ ይመጣል። እኔ በእርሳስ አስምሬ አሳድገዋለሁ። ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ ጆሮውን፣ የኮቱን ኮሌታ ሳይቀር በቀለም እሠራና የዓይኑን ቦታ ባዶ እተዋለሁ። ከዚያ ባለቤቴ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ትመጣለች። ፎቶውን አታየውም፤ ትገለብጠዋለች። «ጉርድ ፎቶ ላይ ሰው ሁሉ ፖሊስ ጣቢያ የገባ ነው የሚመስለው» ትል የለ? ሐዘንተኛውን ሳጥኑ ላይ ታስቀምጥና ትጠይቀዋለች። ሲቆጣ ወዴት ያይ ነበር? ሰው ሲዋሸውስ? ብድር ሲጠይቁትስ?

የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ትዝ ትልሻለች? «የኔ ባል እኮ ፊት ለፊት አይቶኝ አያውቅም፤ ሲያናግረኝም የሚያየው ምድጃውን ነው» አለቻት። የኔዋ ቡሩሿን አንሥታ ሠራችው። ሥዕሉ ሲገለጥ ዓይኖቹ በሴትዮዋ ትከሻ በኩል አልፈው ከኋላዋ ያለ ነገር ያያሉ። «ውይ አንተ ሰውዬ! ዛሬም?» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ። አንቺም ቡሩሽ ማጠቡን ትተሽ አብረሽ አለቀስሽ።

ይኼን ሁሉ ለካሜራሽ ተናግሬያለሁ። «አባባ፣ ስለ እማ ያልከውን እስቲ እንደገና፤ ድምፁ ጥሩ አልገባም» እያልሽ ደጋግመሽ አስነገርሽኝ። ከሞተች ወዲህ ለማንም ያልተነፈስኩትን አወጣሁልሽ። መጨረሻ ላይ እጇ ሲንቀጠቀጥ እኔ ክርኗን ደግፌላት እንደሠራች ሳይቀር። አንቺ ከካሜራው ኋላ ሆነሽ አፍንጫሽን ስትጠርጊ ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ የምር ያለቀስሽ ነበር የመሰለኝ። አሁንም ይመስለኛል፤ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

ፊልሙ የሚታይ ቀን የባለቤቴን ታላቅ እህት ይዣት መጣሁ። «እህትሽን ሕዝብ ሁሉ ሲያውቃት ታያለሽ» ብዬ። ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ፣ ጫማዋን አስጠርጋ መጣች። መብራት ጠፋ። ቀለም የሚያዋህድ እጄ ታየ። ወዲያው ደግሞ ከሚስቱ ተውሰሽ ያመጣሽው የዳቦ ጋጋሪው ሥዕል፤ ዓይኑ መጋረጃውን ሞላው። እጄ፣ ዓይኑ። እንደገና እጄ፣ ዓይኑ። ከዚያ ያ የተራኪው ጎርናና ድምፅ «ለሙታን ዓይን የሚሰጠው ሰው» አለ።

«የታለች?» አለችኝ እህቷ በጆሮዬ።

«ቆይ፣ ትመጣለች።»

«ሊያልቅ አይደል እንዴ?»

«ቆይ አልኩሽ እኮ! መጨረሻ ላይ አድርጋት ይሆናል።»

መጨረሻ ላይ የመጣው የስም መዓት ነው። ጽሑፉ ለእኔ ይፈጥንብኛል፤ እህቷ ናት ያነበበችልኝ። የመብራቱ ሰው አለ፣ ሾፌሩ አለ፣ ምሳ ያመጣላችሁ ቤት እንኳ አለ። ሰው ተነሥቶ አጨበጨበ። አንድ ከረባት ያሰረ ሰውዬ እጄን ይዞ ሳመው! የት ልደብቀው? ዞር ስል ወንበሯ ባዶ ነው። በሩ ላይ ደረስኩባት።

«ደህና ሁን፣ ሠዓሊው» አለችኝ።

ዕድሜ ልኳን «ወንድምዬ» ነበር የምትለኝ። ከዚያ ወዲህ ደጄን አልረገጠችም። እኔ ያዘዝኩሽ ነው የመሰላት። ማልኩላት፤ አልሰማችኝም። ከሷ ሌላ የሟቿን ነገር አብሮኝ የሚያወራ ሰው እንደሌለኝ ታውቂያለሽ።

ስደውልልሽ ምን አልሽኝ? «አባባ፣ ክብር እኮ ነው የሰጠሁህ። አጭር ፊልም ሁለት ሰው አይችልም፣ ይበታተናል። ደግሞ እማ በሕይወት የለችም፤ የማሳየው ነገር የለኝም።»

የማሳየው የለኝም! ባለቤቶቻቸው ያልወሰዷቸው ሥዕሎች በሙሉ ከግድግዳው ላይ በሷ ዓይን እያፈጠጡብሽ? እኔን ማክበር ከፈለግሽ አፍንጫዎቼን ታሳዪ ነበር። አፍንጫ ላይ ማንም አይደርስብኝም፤ እሷም ታምንልኛለች። የሌላ ሰው ምስጋና ግን ለምኜሽ አላውቅም።

አላወቅሁም ብትይ በተውኩሽ። አንቺ ግን ጉልበቷ ላይ ተቀምጠሽ ስትሠራ ያየሽ ልጅ ነሽ። ድንቢጥ ብላ ስም ያወጣችልሽም እሷ ናት።

አሁን ደግሞ በትልቁ አዳራሽ ሊያሳዩት ነው አልሽኝ። ፊልሙ ሲያልቅ መድረክ ላይ ወጥቼ፣ ሰው እያየኝ፣ ዓይን እንድሠራ ትፈልጊያለሽ። «አንድ ዓይን ብቻ፣ አባባ፤ ምን ይከብድሃል?»

እሺ ልጄ፣ እመጣለሁ። ሸራዬንና ቀለሜን ይዤ እመጣለሁ። እህቷንም፣ ደጇ ላይ ተቀምጬም ቢሆን ለምኜ አመጣና ፊት ወንበር ላይ አስቀምጣታለሁ። እስከዚያ ድረስ የኔዋን ወደ ፊልሙ ከመለስሻት፣ ስሟን ከነሥራዋ ካስገባሽ፣ ከጎንሽ ቆሜ ሕዝቡን እጅ እነሣለሁ፤ ይኼን ነገርም ዳግመኛ ከአፌ አትሰሚውም። ካልመለስሻት ግን መድረኩ ላይ የማንን ፊት እንደምሠራ ካሁኑ እወቂው። የሷን ነው። ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ ያን ቀጥ ያለ አፍንጫዋን አሳምሬ እሠራለሁ። ዓይኗ ጋ ስደርስ ቡሩሹን ለአንቺ አቀብልሻለሁ። አሁን ብታገኝሽ እንዴት እንደምታይሽ የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ሰው ፊት ሥሪው።

አፍንጫና ጆሮ ሠሪው
አባባሽ