«ብርሃን የበላች»ን የጻፉት መምህርት ፋናዬ ቸሩ (1975–2017 ዓ.ም.)

መምህርት ፋናዬ ቸሩ ከአባታቸው ከአቶ ቸሩ ደምሴና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዓይናለም ሀብቴ ኅዳር 12 ቀን 1975 ዓ.ም. በደሴ ከተማ ሰኞ ገበያ ተወለዱ። ትምህርታቸውን በዚያው ጀምረው በ1997 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በባዮሎጂ ተመረቁ፤ በኮምቦልቻም ስምንት ዓመት አስተማሩ። በ1999 ዓ.ም. ከአቶ ቴዎድሮስ ይማም ጋር ትዳር መሥርተው ልጃቸውን ምሕረትን ወለዱ። ባለቤታቸውን በ2004 ዓ.ም. ሞት ነጠቃቸው።

በ2005 ዓ.ም. አንድ ኤጀንሲ የትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ረዳት ትሆናለሽ ብሎ ወደ ዱባይ አመጣቸው። ያደረሳቸው ግን አጅማን ከተማ፣ ዘጠኝ ነፍስ ከሚኖርበት ቤት ጓዳ፣ ለቤት ሠራተኝነት ነው። ዲግሪያቸውን ቢያሳዩት ያመጣቸው ሰው በዐረብኛ በቃ፣ ሥራ ሥራ ነው ለማለት «ኸላስ፣ ሹግል ሹግል ነው» ብሎ ሄደ።

በኋላ ሻርጃ ወዳለ ቤት ተዛውረው፣ የዕረፍት ቀናቸውን ሮላ በተባለው ሰፈር፣ ሴቶች አልጋ አልጋ እየተከራዩ በጋራ በሚያርፉበት ቢድ ስፔስ ያሳልፉ ጀመር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ለሴቶቹ የሚተርኩት ስለ ምድር የመጀመሪያ ሕያዋን ነበር። አየሩ ኦክስጅን ባልነበረው ዘመን ጥቃቅን ሕያዋን በብርሃን ጉልበት የድኝ ሽታ ያለውን ጋዝ እየሰነጠቁ ምግባቸውን ይሠሩ ነበር። ቆይቶ አንድ ወገን ውሃን መሰንጠቅ ቻለ፤ ከዚያ የወጣው ኦክስጅንም ለብዙ ጎረቤቶቹ መርዝ ሆነ። ከረጅም ዘመን በኋላ ከዚያ ወገን አንዷ በሌላ ሕዋስ ተዋጠች፤ ሳትፈጭ ቀርታ ቤቱን እየመገበች ኖረች፤ የዘር መረጃዋን አብዛኛውን ለባለቤቱ አስረክባም መውጣት አቃታት። ይህን የሰማችው የወሎዋ ሐጂራ «ዋላሂ እትዬ ፋናዬ፣ ፓስፖርቷን ማዳም ይዛባታለች በሉና!» ብላ ክፍሉን በሳቅ ሞላችው። መምህርቷም ስቀው ቀልዱን ትረካቸውን በሚያሰፍሩበት ደብተር ጻፉት።

አራት ዓመት የጻፉትን ይህን ደብተር በዚያው ክፍል ለተዋወቋትና እንደ ታናሽ እህት ለሚያዩዋት ለኤዶም፣ በስልኳ እንድትተይበው ሰጧት። ኤዶም ሳትሰለች ተይባዋለች፤ ይህ ድካሟ አይካድም። በ2014 ዓ.ም. ግን «ብርሃን የበላች» ብላ በራሷ ስም አሳተመችው። መምህርት ፋናዬ ይህን ያወቁት ከአገር ቤት አዲስ የመጣች ልጅ መጽሐፉን ይዛ ስትገባ ነው። የሐጂራ ቀልድ ሳይቀር በውስጡ አለ። የእሳቸው ስም የሚገኘው «ላበረታቱኝ» ከሚለው ዝርዝር መጨረሻ ነው።

ገጽ 31 ላይ ደግሞ ኦክስጅኑ የሚወጣው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው ይላል። ደብተሩ ከውሃ ነው ይላል፤ ትክክሉም እሱ ነው። «ኤዶምዬ፣ የስሙን ነገር እንነጋገርበታለን፤ ገጽ 31ን ግን ቶሎ አርሚው፣ ልጆች ያነቡታል» ብለው ጻፉላት። ቁጥራቸውን ዘጋችባቸው። ከዚያ ወዲህ ለማንም አላስተማሩም፤ የሚጠይቃቸው ሲመጣ «ኤዶምን ጠይቁ» ይሉ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. በካንሰር ታመው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በ42 ዓመታቸው ሻርጃ ውስጥ ዐረፉ። እናታቸው፣ ልጃቸው ምሕረትና ወንድማቸው እያሱ በሐዘን ቀርተዋል።

ኤዶም ከትናንት በስቲያ ደውላ፣ «እህት» ተብላ ከዚህ ዝርዝር እንድትገባ ለምናለች። አልቅሳለች፤ ልቅሶዋም የእውነት ይመስለናል። ምሕረት ግን «የእናቴ ስም ከሽፋኑ ሲሰፍር የእሷም እዚህ ይሰፍራል» ብላለች፤ ቤተሰቡም በዚህ ጸንቷል። ደብተሩ ከሣጥኑ አጠገብ ተቀምጧል። ማመሳከር የሚፈልግ ሁሉ ገልጦ ያንብብ፤ ኤዶምም ጭምር።

የተሰወረውን የሚያይ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለልጃቸውም ጽናቱን ያድልልን።