አንቺ ያለሰለስሽው ግድግዳ

ለታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? ልጆቹስ ጫማ አላዳርስ እንዳሉሽ ናቸው? እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ከደስታዬ ብዛት ዛሬ ሁለት ጊዜ ቁልፌን በሩ ላይ ትቼ ወጥቻለሁ።

ተሳካ! አለቃችን «ጭረት ነው» ያለው ምልክት ጭረት አይደለም!

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። እዚህ ቤተ ሙከራ የምንመረምረው ፈሳሽ ከልክ በላይ ሲቀዘቅዝ ምንም ሳይዘው ይፈስሳል። መሐሉ ጭር ያለ ነው። ስሌቱ ግን ግድግዳው ላይ ብቻ ተጣብቀው የሚኖሩ፣ ወደ መሐል ዝር የማይሉ እንቅስቃሴዎች አሉ ይላል። እነሱን አጥርቶ ለማየት ግድግዳው እጅግ ለስላሳ መሆን አለበት። ግድግዳ የምትሆነንን ያቺን የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል መስታወት አንቺ ዘንድ የላክናት ለዚህ ነበር፤ አንቺም የመነጽር ሥራሽን ትተሽ ሦስት ሳምንት ስታሻት ከረምሽ።

አምና የእነሱ የሚመስለው ምልክት መለኪያችን ላይ ሲመጣ አለቃችን ፊቱን አኮሳትሮ፣ ያለሰለሰችው ሴትዮ ሥራዋን አበላሽታለች አለ። እህቴ ናት አላልኩም። «ሥራሽ ጉድለት አለበት» የሚለው ባለማህተም ደብዳቤ የደረሰሽ ያን ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ የማለስለሻ ጨርቅሽን ሰቅለሽ የመነጽር ክፈፍ ብቻ እንደምትጠግኚ ሰማሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ከፈሳሹ አጠገብ ያለውን ማግኔት ፊት ለፊት ወደ ግድግዳሽ አዞርነው። ምልክቱ ጠፋ። ስንመልሰው ተመለሰ። አሥራ አንድ ጊዜ ደጋገምነው፤ አሥራ አንድ ጊዜ ስሌቱ «ማግኔት ያጠፋቸዋል» እንዳለው ሆነ። ጭረት ደግሞ ለማግኔት አይታዘዝም እትዬ! አለቃችን መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አጠለቀ፣ ከዚያ የሴትዮዋ እጅ ይባረክ አለ። ሴትዮዋ እህቴ ናት አልኩት፤ ጮክ ብዬ፣ ኮሪደር ላይ ያሉት ሁሉ እንዲሰሙ። በምናሳትመው ጽሑፍ ላይ ስምሽ ከእኛው እኩል ይሰፍራል።

ያን ደብዳቤ ማን እንደጻፈው አንድም ቀን አልጠየቅሽኝም። ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ ነሽ፤ አጻጻፌን ሳትለዪው አትቀሪም።

ሁለተኛ መስታወት አብሬ ልኬልሻለሁ። እምቢ ብትዪም አልቀየምም። ጨርቁን ግን እባክሽ አውርጂው።

ዓይንሽን ያብራልኝ፣ ጉልበትሽን ያጽናልኝ። ያኛው ደብዳቤ ማህተም እንጂ ፊርማ አልነበረውም። ይሄኛው አለው።

ታናሽ እህትሽ