ከጅረቱ ማዶ ያለው ጥድ

ይድረስ ለአባቴ፤

ጉልበትህ እንዴት ከረመ? ብርዱ ሲገባ እንደሚያብጥብህ አውቃለሁ። ደረጃ ስትወርድ እንደምታነክስ ዳሪል ተናግሯል፤ ለእኔ ለእህቱ ሳይሆን ለልጄ ለአይላ። የብርዱን ወራት እንጨት ፈልጠህ ጨረስክ? ሳልህስ ተወህ? እኛ ደህና ነን። አይላ አሥራ አንድ ዓመት ሞላት፤ ቁመቷ ትከሻዬ ደርሷል፣ ጫማም አይበረክትላትም። ከቤትህ እስከ ቤቴ በመኪና አርባ ደቂቃ ሆኖ ሳለ ደብዳቤ መጻፌ ይገርምህ ይሆናል። ስልክ ብደውል ስለ አየሩ አውርተህ ትዘጋዋለህ። ደብዳቤን ግን መሃል ላይ ማቋረጥ አትችልም። ምድጃ ውስጥ ብትከተው እንኳ የጻፍኩት ተጽፏል።

ቅዳሜ አይላን ለአጋዘን አደን ወሰድኳት፤ ወደ ጎጆአችን። «ጎጆአችን» ያልኩት አውቄ ነው። ባለፈው ዓመት ጎጆውንና ጫካውን ወደ ዳሪል ስም ስታዛውር፣ «እሷ ምን ታደርግበታለች፣ አዳኝ አይደለችም» ማለትህን ሰምቻለሁ። የደን ትምህርት ተምሬ፣ የዚህን አገር ረግረግ ሁሉ በእግሬ ዞሬ፣ በገዛ ቀስቴ ሰባት አጋዘን ጥዬ፣ እኔ አዳኝ አይደለሁም? ቁልፉን ማንንም አልለመንኩም። ዛሬም ከሳውናው፣ ከእንፋሎት መታጠቢያው፣ በር አጠገብ፣ ከጠፍጣፋው ድንጋይ ሥር ነው።

ጎጆው የደረስነው በዋዜማው፣ አርብ ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ እሳት ሳቀጣጥል አይላ ግድግዳው ላይ የተቸነከሩትን የሸሚዝ ቁራጮች አንድ በአንድ ታነባለች። ፍላጻው የሳተ ሰው የሸሚዙ የኋላ ጫፍ ተቆርጦ፣ ስሙና ቀኑ ተጽፎበት እዚያ እንደሚሰቀል ነግሬአት ነበር። የአጎቴ የሬይኖ አራት ሆነው ስታገኛቸው ሳቀች። ቀዩ ጋ ስትደርስ ሳቋን ተወችው።

«እማ፣ ይሄ ያንቺ ስም ነው» አለችኝ።

አዎ አልኳት። ስተሽ ነው ወይ አለችኝ። አልሳትኩም አልኳት። ታዲያ ለምን ተሰቀለ ብላ ስትጠይቀኝ ግን ምድጃው ውስጥ አንድ ግንዲላ ጨመርኩ።  እሷም ቀስ ብላ የሸሚዟን ጫፍ ወደ ሱሪዋ ውስጥ ከተተችው።

እኔ የማስታውሰውን እነሆ። አንተ የምታስታውሰው ሌላ ከሆነ ጻፍልኝ። እንደ አይላ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ፍላጻዬ አንዲት እንስት አጋዘን ጎን ላይ ሲገባ አይቻለሁ፤ ቢጫ ላባው ከጎድኗ ላይ እየታየ ነው የሮጠችው። ቅጠሉ ላይ ደም ነበር። ጣትህን ነክረህ አየኸው። ማካፋት ሲጀምር ሰማዩን አየህና «ነይ፣ አሁን ካልሄድን ዝናቡ ያጥበዋል» አልከኝ። አሥር ደቂቃ እንኳ አልጠበቅንም። ከተኛችበት አስነሳናት። ነጭ ጅራቷን አየሁ፣ ከዚያ ጅረቱ ውስጥ ስትገባ ውሃው ሲንቦጫረቅ ሰማሁ። ፍላጻዬን እንደያዘች ሄደች፤ ዝናቡም ወረደ። እኛ ጅረቱን አልተሻገርንም።

ጎጆው ስንገባ ሬይኖ ምን ጣላችሁ ብሎ ጠየቀ። አንተም «ፀጉሯን ብቻ ነው የጫረችው፤ ስታለች» አልክ። ሬይኖ ነፋሱን ወግታዋለች በለኛ፣ ችግሩ ነፋስ ቆዳ የለውም ብሎ ተንከተከተ። ዳሪልም ሳቀ። መቀሱን ያነሳኸው አንተ ነህ። እኔ ፊትህን አያለሁ፣ አንተ ሸሚዙን ታያለህ። ከዚያ ወዲህ ወደ ጫካ የወሰድከው ዳሪልን ብቻ ነው።

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። ሊነጋጋ ሲል ከጅረቱ ወዲህ ያለው ማማ ላይ ወጣን። አይላን ከግንዱ ጋር የሚያስራትን መታጠቂያ ሁለቴ ፈተሽኩ፤ እናቶች ሁለቴ ነው የሚያዩት ብላ አሾፈችብኝ።  ጫካ ሲነጋ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ አጠገቤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ሰው ኖሮ ግን አላየሁም ነበር። ግንዶቹ ከጨለማው አንድ በአንድ እየተለዩ ወጡ። ሽበት የመሰለው አመዳይ የፈርን ቅጠሎቹ ላይ ታየ። አንዲት ትንሽ ወፍ መጥታ የአይላ ቀስት ጫፍ ላይ አረፈች፤ አይላ ትንፋሿን ያዘች። ወፏ ከሄደች በኋላም ለመተንፈስ ዘገየች። አባዬ፣ የልጅ ፊት እንዲህ ሲሆን አይተህ ታውቃለህ። በዚያው ማማ ላይ፣ በእኔ ፊት ላይ አይተኸዋል። ታዲያ ያን ሸሚዝ መቁረጥ እንዴት ቻልክ?

አንዲት እንስት አጋዘን መጣች፤ ኮሽታ አልነበራትም። ቦታው ባዶ ነበር፤ ቆየት ብለን ስናይ እሷ ቆማበታለች። እስትንፋሷ በአፍንጫዋ ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ጆሮዎቿ ለየብቻ ይዞራሉ፣ የጠዋቱ ብርሃን በጆሮዋ ቆዳ በኩል አልፎ ሮዝ ይሆናል። ሃያ እርምጃ ብትርቅ ነው። አይላ አውታሩን ሳበች፣ ክንዷ ተንቀጠቀጠ፣ መልሳ አላላችው።  እንደገና ሳበች። በዚህኛው ክንዷ ጸና። ፍላጻው ሲወጣ እንስቷ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ብላ ስለነበር፣ ከታሰበው ቦታ አንድ መዳፍ ያህል ወደ ኋላ መታት። ዘለለች፣ ሮጠች፣ ከዚያ ጀርባዋን አጉብጣ ቀስ እያለች በጥዶቹ መሃል ገባች። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ነበር።

ወርደን ፍላጻውን መሬት ላይ አገኘነው። በጎኗ ገብቶ በሌላው ወጥቷል። ደሙ ጥቁር ቀይ ነው፤ የጉበት ደም። ጉበቷን የተመታች አጋዘን ካልተከተሏት ቅርብ ቦታ ተኝታ እዚያው ትሞታለች። ከተከተሏት ሞቷን ይዛ ትሮጣለች። ለአራት ሰዓት ያህል መጠበቅ ያስፈልጋል። ይህን ያስተማረኝ መጽሐፍ አይደለም።

ወዲያው በረዶ መጣል ጀመረ።

አይላ ደሙን አየች፣ ሰማዩን አየች። «እማ፣ ሊሸፍነው ነው፣ እንሂድ» አለችኝ። «ነይ፣ አሁን ካልሄድን» የሚለው ቃል በአንተ ድምፅ አፌ ውስጥ መጣ። አንድ እግሬን አንስቼ ነበር። በሕይወቴ ያልፈለግኩትን ያህል መሮጥ ፈለግኩ፤ ልጄ የመጀመሪያዋን አጋዘን እንዳታጣ፣ እንስቷም በከንቱ እንዳትሞት። ያን ቀን ሰማዩን ስታይ ፊትህ ላይ የነበረው ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ፈርተህ ነበር። ይቅር ማለቴ አይደለም። መፍራት አንድ ነገር ነው፣ መቀስ ማንሳት ሌላ።

እግሬን መለስኩና ተቀመጥኩ። አይላ አለቀሰች፣ ተቆጣች፣ አንቺ ስለሳትሽ እኔም እንድስት ትፈልጊያለሽ አለችኝ። ችዬ ዋጥኩት። ድንችና ሥጋ የተሞላውን የሊጥ ጥቅል፣ ፓስቲውን፣ ለሁለት ከፍዬ ሰጠኋት፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ በላች። ቆይታ ስትበርድ ተጠጋችኝ።

«አሁን ምን እያደረገች ነው?» አለችኝ።

ተኝታለች አልኳት።

«እንደምንፈልጋት ታውቃለች?»

ካልተከተልናት አታውቅም አልኳት። ከዚያ በኋላ እንሂድ አላለችም። ደሙ ሲጠፋ፣ የእግራችን ዱካ ሲጠፋ፣ ጫካው ሁሉ ማንም ረግጦት የማያውቅ ሲመስል ተቃቅፈን አየን። እውነቱን ልንገርህ፣ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ግን ያን ያህል ጸጥ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ ከፍርሃቴ ይልቅ ጸጥታው ገዘፈብኝ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳን። የሚታይ ደም የለም። የተመታች አጋዘን ወደ ቁልቁል፣ ወደ ውሃ ትሄዳለች ትለኝ የነበረውን ይዤ ወረድኩ። ይህን አንተ ነህ የሰጠኸኝ፤ አልክድህም። አይላን አዝዬ ጅረቱን ተሻገርኩ፤ ውሃው ወገቤ ደረሰ፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ማዶ ላይ አንድ ትልቅ ጥድ አለ፣ ቅርንጫፎቹ መሬት የሚነኩ። ሥሩ ተኝታ አገኘናት። እግሮቿን ሰብስባ፣ አንገቷን ዘርግታ፣ ልክ እንቅልፍ እንደወሰዳት። በተከፈተው ዓይኗ ላይ በረዶ አርፏል፣ አይቀልጥም። አይላ ጓንቷን አውልቃ እጇን ከእንስቷ ብብት ሥር ከተተች።

«እዚህ ጋ ገና ትሞቃለች» ብላ እጇን ሳታወጣ ብዙ ቆየች። እኔም ተንበረከክኩ። 

ቀና ያለችው አይላ ናት። ከራሳችን በላይ፣ እኔ እጄን ዘርግቼ በማልደርስበት ቁመት፣ በጥዱ ቅርንጫፍ ላይ ፍላጻ ነበር። ተሰክቶ አይደለም። በመዳብ ሽቦ ታስሮ ነው። ላባው የለም፤ ላባው የነበረበት ቦታ ላይ ቢጫ ሙጫ ቀርቷል። ቅርፊቱ አድጎ ግማሹን ሽቦ ውጦታል። የሚታየው ግማሽ ወደ ግራ ተጠምዝዟል። በአጥራችን ላይ ያለውን ሽቦ ሁሉ እንደዚያ የሚጠመዝዝ ግራኝ ሰው አንድ ብቻ ነው የማውቀው። አይላ ትከሻዬ ላይ ወጥታ የፍላጻውን ብረት በአውራ ጣቷ ጠረገችና የተጫረውን ስም አነበበች። ለአሥራ አንደኛ ልደቴ በሚስማር የጫርክልኝን ስም።

«ማን ሰቀለው?» አለችኝ።

«ተመልሶ የመጣ ሰው» አልኳት።

ሌላ አልጨመርኩም፤ እዚህም አልጨምርም። ወደ ጎጆው ስንመለስ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሸሚዜ በተቆረጠበት በዚያ ሳምንት ሦስት ቀን ሱሪህ እስከ ወገብህ ረጥቦ መጣ። እማማ ምድጃው አጠገብ ስትሰቅለው ምን ሆነህ ነው ብላ ጠየቀችህ። አጥር ስጠግን ነው አልክ። በጅረቱ በኩል አጥር ኖሮን አያውቅም፣ አባዬ።

ፍላጻውን አላወረድኩትም። ቀዩን የሸሚዝ ቁራጭም አልነካሁትም፤ ሚስማሩን መንቀል እንዴት ቀላል እንደነበር ታውቃለህ። አይላ ልንቀለው ብላ ተነስታ ነበር፣ ተይው አልኳት።

የመጀመሪያ አጋዘን ልብ በቅቤና በሽንኩርት ተጠብሶ ለቤቱ ታላቅ ይቀርባል፤ ሕጉን ያወጣኸው አንተ ነህ። አይላ ልቡን በጨርቅ ጠቅልላ «የአያቴ» ብላ ጽፋበታለች። የፊታችን ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ጎጆው ውስጥ እንጠብስልሃለን። ሬይኖንና ዳሪልን ጠርቻቸዋለሁ። ልቡ ከመቅረቡ በፊት የምትሠራው ሥራ አለ፤ ግድግዳው ላይ ነው፣ በእነሱም ፊት ነው። አንተ የሰቀልከውን አንተ አውርደው። ምን ብለህ እንደምታወርደው ለአንተ ትቻለሁ። ካልመጣህ ልቡን ለጫካ ወፎች እንሰጣለን፤ ለአይላም የማውቀውን ሁሉ እነግራታለሁ። ከእኔ ሳይሆን ከአንተ ብትሰማው ግን እመርጣለሁ።

ጉልበትህን ይማርልህ። እስትንፋስህን ያርዝምልህ። ዕድሜህ የልጅ ልጅህን ሁለተኛ አጋዘን የምታይበት ይሁን።

ከኮረብታው በታች መንገዱ በረዶ ይዟል፤ ቀስ ብለህ ንዳ።

ያልሳተችው ልጅህ